«አሁን ማጥፋት አልችልም»፦ ቤታችንን ያጣላው ጨዋታ ታሪክ

ዛሬ ስለ አንድ የቴሌቪዥን ጨዋታ ልናወራችሁ ነው። «ደግሞ ስለ ጨዋታ ምን ይጻፋል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እውነት አላችሁ፤ ግን ትንሽ ታገሱን፤ ነገሩ እናንተንም ይነካል።

ጊዜው 1998 ነው፣ ፀሐይ ቶሎ በምትገባበት በብርዱ ወር፣ አርብ ከሰዓት በኋላ። ቂርያት ማላኪ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ካለው የአንዳችን ቤት ተሰብስበናል። አምስት ልጆች ነን፤ ሁላችንም በ1991 በዘመቻ ሰለሞን በእናት በአባታችን እጅ ተይዘን የመጣን። አንዱ ከገደራ፣ ከሻፒራ ሰፈር፣ አንዱ ደግሞ ከያቭኔ ዘመድ ቤት ሰንበትን ሊያሳልፍ የመጣ ነው። ሦስታችን ፕኒሚያ ስለምንማር ቤት የምንገባው በሁለት ሳምንት አንዴ ነበር። ከሐሙስ ማታ ጀምሮ በተራ በተራ ስንጫወት አድረናል፤ በስክሪኑ ጥግ ያለው ቆጣሪ አስራ አንድ ሰዓት መጫወታችንን ያሳያል።

እናትየው ዳቦውን አውጥታለች፣ ቤቱ ተጠርጓል። «ልጆች፣ ፀሐይ ልትገባ ነው፤ ዝጉት» አለች። ልጇ ዓይኑን ሳይነቅል በዕብራይስጥ «አሁን ማጥፋት አልችልም» አላት። ደግማ ተናገረችው። «ቴሌቪዥኑን እዘጋለሁ፤ ማሽኑ ግን እስከ ቅዳሜ ማታ ይብራ» አለ። እሷ ያየችው ሌላ ነው፦ ትንሽ አረንጓዴ መብራት በሰንበት ቤቷ ውስጥ ስትበራ። በሀገር ቤት አርብ ፀሐይ ሳትገባ እሳት ይጠፋ እንደነበር ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ሦስተኛ አልጠየቀችም፤ ሶኬቱን ነቀለችው። ልጁ አስራ አምስት ዓመቱ ነው፤ አለቀሰ። እሷም ልጇ ዋሽቶኛል፣ ንቆኛል ብላ ሰንበቱን ሙሉ አኩርፋ ዋለች።

አልዋሸም ነበር። ለምን እንዳልዋሸ ለመናገር ግን ወደ ጃፓን መሄድ አለብን።

ጨዋታው ፋይናል ፋንታሲ ሰባት ይባላል። ስኩዌር የተባለ የጃፓን ኩባንያ ሠርቶ ጃንዋሪ 31 ቀን 1997 አወጣው፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ አውሮፓ ገባ፣ ወደኛም ደረሰ። ተኩስ ብቻ ያለበት ጨዋታ አይደለም። ተጫዋቹ ሰይፍ የያዘውን ወጣት ይሆንና ከተማ ለከተማ እየዞረ ሰው ያነጋግራል፣ ያነባል፣ ይዋጋል፣ ቀስ እያለ ይጠነክራል። እሳት ዳር ለብዙ ማታ እንደሚነገር ተረት ነው፤ ለመጨረስ አርባ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። በአንድ ቀን የማያልቅ ነገር ደግሞ የት እንደቆመ የሚያስታውስ ይፈልጋል። ጠቡ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ከ1987 እስከ 1994 የወጡት የመጀመሪያዎቹ ስድስት ፋይናል ፋንታሲዎች የተሠሩት ለኒንተንዶ ማሽኖች ነበር። ያን ጊዜ የኒንተንዶ ጨዋታ ይመጣ የነበረው ካርትሪጅ በሚሉት ወፍራም የፕላስቲክ ካሴት ነው። በእነዚያ ካሴቶች ውስጥ ትንሽ ባትሪ ነበረች። ልጁ የደረሰበትን እዚያው ካሴቱ ላይ ያስቀምጣል፣ ማሽኑን ያጠፋል፣ በሳምንቱ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። ሰንበትና ካሴት አይጣሉም ነበር ማለት ነው።

ኒንተንዶና ሶኒ አንድ ላይ ሆነው በሲዲ የሚሠራ ማሽን ሊያወጡ ጀምረው ነበር። በጁን 1991፣ እኛ ከአውሮፕላን ወርደን ገና መርካዝ ቅሊጣ ስንለምድ፣ ኒንተንዶ ሶኒን ትቶ ከፊሊፕስ ጋር እንደሚሠራ በአደባባይ ተናገረ። ሶኒ ተናደደ፤ የራሱን ማሽን ሠራ። ያ ማሽን ፕሌይስቴሽን ነው፤ በ1994 መጨረሻ ጃፓን ውስጥ ተሸጠ። ኒንተንዶ ደግሞ በ1996 ኒንተንዶ 64 የሚለውን አዲስ ማሽን ሲያወጣ በካሴቱ ጸና። ምክንያት ነበረው፦ ካሴት ሲከፍቱት ወዲያው ይነሳል፣ ልጅ ቢጥለው አይሰበርም፣ ሌባም በቀላሉ ኮፒ አያደርገውም።

ስኩዌር ግን በ1996 መጀመሪያ ላይ ሰባተኛውን ጨዋታ ለፕሌይስቴሽን እንደሚሠራ አሳወቀ። ዋናው ምክንያት ቦታ ነው። በዚያው ዓመት ለኒንተንዶ 64 የወጣው ሱፐር ማሪዮ 8 ሜጋባይት ነበር። በኋላ የመጡት ትልልቆቹ ካሴቶች እንኳ ከ64 አላለፉም፤ ለማምረትም ውድ ነበሩ። አንድ ሲዲ ግን 650 ያህል ይይዛል፣ ዋጋውም እርካሽ ነው። ሞሰብ በስኒ ለመያዝ እንደመሞከር ማለት ነው። ፋይናል ፋንታሲ ሰባት ደግሞ ሦስት ሲዲ ፈጀ።

ነገር ግን ሲዲ ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም። ባትሪም የለውም። ልጁ የደረሰበትን ለማስቀመጥ ሜሞሪ ካርድ የሚባል፣ ከክብሪት ሳጥን ብዙ የማይበልጥ እቃ ለብቻው ተገዝቶ ማሽኑ ላይ መሰካት ነበረበት። ካርዱ የሌለው ልጅ ማሽኑን ካጠፋ ሁሉም ነገር ከዜሮ ይጀምራል። ካርድ ያለውም ቢሆን ጨዋታውን በፈለገበት ሰዓት አያስቀምጥም፤ ከተማና ዋሻ ውስጥ ከሆነ ለዚያ የተመደበች ቦታ እስኪደርስ መሄድ አለበት። እንግዲህ ያን አርብ በእኛ ቤት ካርድ አልነበረም። ቶክዮ ውስጥ ትክክለኛ ምክንያት ይዘው የወሰኑት ውሳኔ ቂርያት ማላኪ መጥቶ እናትና ልጅ አጣላ።

ከዚያ በኋላ እኛ ብዙ ተከራከርን። ሚክላጥ ደጃፍ፣ ደረጃ ላይ፣ ፕኒሚያ ውስጥ መብራት ከጠፋ በኋላ። የገደራው ልጅ የካሴት ሰው ነበር። «ሁልጊዜ መጠበቅ ነው» ይል ነበር፤ እውነቱን ነው፣ ውጊያ በተነሳ ቁጥር ስክሪኑ ይሽከረከራል፣ ማሽኑ ውስጥ ሲዲው ሲጮህ ይሰማል፣ ከዚያ ነው ጠላት የሚታየው። የያቭኔው ልጅ «ያለ ሲዲ እነዚያ ፊልሞች ከየት ይመጡ ነበር?» ይለዋል። እሱም እውነት አለው። ነገሩን የሚያውቁ ሰዎች ሦስቱን ሲዲ ከፍተው ሲያዩ የጨዋታው አካል በሦስቱም ላይ ባብዛኛው አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኝቷል። ሲዲውን የሞሉትና የሚለያዩት ፊልሞቹ ናቸው። «ፊልሙ ቢቀር በአንድ ሲዲ ይገባ ነበር» የሚለው ክርክር እስከዛሬ በዓለም ዙሪያ አላለቀም።

ስለ ሙዚቃውም እንዲሁ። ደራሲው ኖቡኦ ኡኤማትሱ ሲዲ ስላገኘ በሰው ድምፅ የተቀዳ ሙዚቃ ሊያስገባ አስቦ ነበር። ሲሞክሩት ግን ቦታ በተቀየረ ቁጥር ጥበቃው ረዘመ። ስለዚህ ተወው፤ ማሽኑ ውስጥ ያለው የድምፅ ቺፕ ራሱ እንዲጫወተው አደረገ። ዘፈኑን በካሴት ቀድቶ ከመላክ ዜማውን ለማሲንቆ መቺ ነግሮ እዚያው እንዲመታ እንደማድረግ ነው። የሰው ድምፅ የገባው መጨረሻ ላይ ባለው በትልቁ ውጊያ ብቻ ነው። አንዳንዱ «ድምፁ ቀጭን ነው፣ አበላሸው» ይላል። እኛ ግን አልተበላሸም ባዮች ነን። ከጀግናው ጋር የምትሄደው አበባ ሻጯ ልጅ ስትሞት የእሷ ዜማ ይጀምራል፤ ወዲያው ውጊያ ይነሳል፣ ዜማው ግን አይቀየርም። እየተዋጋህ የምትሰማው የሷን ለቅሶ ነው። አምስት ወንድ ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ዝም ያልንበት ጊዜ እሱ ብቻ ይመስለናል።

የዚችው ልጅ ስም ራሱ ሌላ ክርክር ነው። ጃፓንኛ ምላስ ከጥርስ መካከል ወጥቶ የሚባለው የእንግሊዝኛ ድምፅ የለውም፤ እኛም የለንም። በ1997 በእንግሊዝኛ ሲወጣ የስሟ መጨረሻ በኤስ ተጻፈ፤ በኋላ በወጡት ጨዋታዎች ራሱ ኩባንያው በቲ ኤች ጻፈው። አርባ ዓመት ያለፋቸው ሰዎች ዛሬም በዚህ ይጣላሉ። ፈረንጅ ይሄን ሲያይ ይስቃል፤ እኛ አንስቅም። የኛን ጠበቅ ያሉ ድምፆች፣ ጭ እና ጵን የመሳሰሉትን፣ የዕብራይስጥ ፊደል ስለማይዛቸው ስማችን መዝገብ ላይ ስንት ዓይነት ሆኖ ተጻፈ። በዘመቻ ሙሴ ከመጡት ታላላቆቻችን ደግሞ ስንቱ እንደገባ አዲስ ስም ተሰጠው። ጨዋታው መጀመሪያ ላይ «የጀግናው ስም ማን ይሁን?» ብሎ ይጠይቃል፤ እንደፈለጉ መጻፍ ይቻላል። የያቭኔው ልጅ ክፍል ውስጥ ማንም የማይጠራውን፣ አያቱ ያወጡለትን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ለቅሞ ጻፈው። ከዚያ በኋላ አርባ ሰዓት ሙሉ፣ ከተማ በገባ ቁጥር፣ ሰው ሁሉ በዚያ ስም ጠራው።

አንድ ነገር መደበቅ አንፈልግም። የኛ ሲዲ ከሹክ የተገዛ ኮፒ ነበር፤ ማሽኑም ኮፒ እንዲቀበል ውስጡ ትንሽ ቺፕ የተበየደበት። ኒንተንዶ የፈራው ነገር እኛው ነበርን ማለት ነው። ሁለተኛው ሲዲ ተቧጭሮ ስለነበር አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። የገደራው ልጅ በጨርቅ ይጠርገዋል፣ ይተነፍስበታል፣ ከዚያ ዞር ብሎ «ካሴት ቢሆን ኖሮ...» ይላል።

ለማንኛውም የኩባንያው ውሳኔ በገበያ ተሳካ፤ ጨዋታው ከ10 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። ስኩዌርና ኒንተንዶ ግን ለዓመታት ተኳርፈው ቆዩ። በ2020፣ በኮሮናው ጊዜ፣ ታሪኩ እንደገና ተሠርቶ የመጀመሪያው ክፍል ወጣ። በዚህኛው ማሽኑ ራሱ በየመንገዱ ያስቀምጣል፤ ማሽኑ ላይ ካርድ አይሰካም፣ ሌሊቱን ማሽን ማብራት የለም። የኛ ልጆች ሲጫወቱት «ድሮ እንዴት ትኖሩ ነበር?» ይሉናል።

ነገር ግን በሥራችን፣ በሶሻል ሥራ፣ ከቂርያት ማላኪም ከያቭኔም የሚመጡ ወላጆች ዛሬም ይሄንኑ ጠብ ይዘው ይመጣሉ። ማሽኑ ተቀይሯል፤ ምክንያቱም ተቀይሯል። ለብቻ የሚጫወቱት ጨዋታ አሁን በማንኛውም ሰዓት ይቆማል። እንደ ፎርትናይት ያለው ግን በኢንተርኔት ከሌላ ሰው ጋር ነው፤ ያ ውጊያ እስኪያልቅ አይቆምም፣ ልጁ ከወጣ ቡድኑን ጥሎ ነው የሚወጣው። ብዙ ጊዜ አንድ ዙር ከሃያ ደቂቃ ብዙ አያልፍም። ስለዚህ «ዝጋ!» ከማለታችሁ በፊት «ይሄ የሚቆም ነው ወይስ የማይቆም? ስንት ደቂቃ ቀረው?» ብላችሁ ጠይቁት። አንዳንዱ ይዋሻል፣ አናስመስልም። ግን የሚዋሸውና የማይዋሸው የሚለየው ከዚህ ጥያቄ በኋላ ነው። ለአርብ ደግሞ ከፀሐይ መግቢያ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ አዲስ ዙር እንዳይጀምር መስማማት፣ ሶኬት ከመንቀል ይሻላል።

ባለፈው ዓመት አምስታችን ያቭኔ፣ የአንዳችን ልጅ ባር ሚጽቫ ላይ ተገናኘን። ከምግቡ በኋላ ያው ክርክር ተነሳ፤ ካሴት፣ ሲዲ፣ ሙዚቃው፣ ስሟ። ድምፃችን ከፍ ብሎ ነበር መሰለን፣ ያቺ ሶኬት የነቀለችው እናት፣ አሁን ሰባ ዓመት አልፏታል፣ ቡናዋን ይዛ መጥታ አጠገባችን ተቀመጠች። «ይሄ ያን ጊዜ ያጠፋሁት ነው?» አለች። ልጇ ሁሉንም ነገር በአማርኛ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሥሩ አስረዳት፤ ባትሪዋን፣ ሲዲውን፣ ካርዱን። በጸጥታ ሰማችው።

«ታዲያ ካርዱን ለምን አልገዛህም?»

«ገንዘብ ጠይቄሽ ነበር፣ እማ።»

«ለምን እንደሆነ መቼ ነገርከኝ?»