ሳቃቸው ምን ይለናል?

አንድ ሕፃን ሲስቅ ብታዩ «ደስ ብሎታል» ነው የምትሉት፣ አይደል? ሐኪሞችም በዚሁ አስተሳሰብ ለአንድ ብርቅዬ የዘር በሽታ «ደስተኛው አሻንጉሊት» የሚል ስም አውጥተውለት ነበር። ሳቁን በሙከራ መፈተሽ ግን ብዙ ዓመት ፈጀ። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።)

ታሪኩ የሚጀምረው እንግሊዝ አገር፣ ዋሪንግተን ከተማ ነው። ዶክተር ሃሪ ኤንጀልማን የሕፃናት ሐኪም ነበሩ። እሳቸው ወደሚሠሩበት ክፍል በተለያየ ጊዜ ሦስት ልጆች ገቡ። ላይ ላዩን ሲታይ ሕመማቸው የተለያየ ይመስላል፤ እሳቸው ግን መነሻው አንድ ነው ብለው ጠረጠሩ። ልጆቹ እንቅስቃሴያቸው ግትርና ቆረጥ ቆረጥ የሚል ነው፣ የሚጥል በሽታ አለባቸው፣ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይስቃሉ።

ጥርጣሬያቸውን የሚያረጋግጥ ምርመራ ስላልነበረ ለማሳተም አመነቱ። ከዚያ ለእረፍት ጣሊያን ሄዱ። ቬሮና በሚገኘው የካስቴልቬክዮ ሙዚየም ጆቫኒ ፍራንቼስኮ ካሮቶ የሣለውን የአንድ ልጅ ሥዕል አዩ። ልጁ እየሳቀ በእጁ የያዘውን ያሳያል። ሳቁ ታካሚዎቻቸውን አስታወሳቸውና በ1965 «አሻንጉሊት ልጆች» ብለው ጻፉ። የሚገርመው፣ ልጁ የያዘው አሻንጉሊት አይደለም፤ ወረቀት ላይ የተሣለ የሰው ቅርጽ ነው! በ1967 ሌሎች ሐኪሞች «ደስተኛ» የሚለውን ጨመሩበት። ለቤተሰብ ስድብ የሚመስል ስም ነው፤ በ1982 «ኤንጀልማን ሲንድረም» ይባል የሚል ሐሳብ ቀረበ፣ እሱም ጸደቀ።

የዘሩ ነገር በጣም ይስባል። በ1987 በልጆቹ ላይ ከ15ኛው ክሮሞሶም ቁራጭ እንደጎደለ ታየ። ግን እኮ ያው ቦታ የማይጠግብ ረሃብ በሚያመጣው በፕራደር ዊሊ ሲንድረምም ይጎድላል! አንድ ጉድለት እንዴት ሁለት በሽታ ያመጣል? መልሱ በ1989 መጣ፦ ቁራጩ የጎደለው ከእናት ከተወረሰው ክሮሞሶም ከሆነ ኤንጀልማን፣ ከአባት ከሆነ ፕራደር ዊሊ ነው። በ1997 ደግሞ ለኤንጀልማን ተጠያቂው ዘረ መል ዩቢኢ3ኤ መሆኑ ታወቀ። በአንጎል ነርቭ ሴሎች ውስጥ የሚሠራው የእናት ቅጂ ብቻ ነው። የአባትየው አለ፣ ግን ዝም ብሏል። መሐንዲስ ስለሆንኩ ይሆናል፣ እኔን የሚመስለኝ መብራት ሲጠፋ ግቢ ውስጥ እያለ የማይነሳ ጄኔሬተር ነው።

እሺ፣ ሳቁስ? ዘረ መሉ መገኘቱ ሳቁ ምን ማለት እንደሆነ አልነገረንም። ደስታን መለካት ራሱ ከባድ ነው። ኤንጀልማን ጽሑፋቸውን ባሳተሙበት በዚያው 1965 አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሃድሊ ካንትሪል አንድ ዘዴ በመጽሐፍ አወጣ፦ ከ0 እስከ 10 እርከን ያለው መሰላል አስቡ፣ ላይኛው ጫፍ ለእናንተ ከሁሉ የተሻለው ሕይወት ነው፣ አሁን የትኛው ላይ ናችሁ? ዛሬም አገሮች በደስታ ደረጃ የሚወዳደሩት በዚህ ጥያቄ ነው። የማይናገር ልጅን ግን እንዴት ትጠይቁታላችሁ?

አንዳንዶች ሳቁ አንጎል በዘፈቀደ የሚለቀው፣ ስሜት የሌለበት ነገር ነው ብለው ነበር። በ2002 ክሪስ ኦሊቨርና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት ቀላል ጥያቄ ጠየቀ፦ መቼ ነው የሚስቁት? ሁኔታውን እየቀያየሩ ተመለከቱ። ሰው ሲያናግራቸውና ዓይናቸውን ሲያይ ሳቁ ይበዛል፤ ትኩረት ሲያጡ ይቀንሳል። በዘፈቀደ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልተለዋወጠ። ቃል ለሌለው ልጅ ሳቅ ሰውን አጠገቡ ማቆያ መንገድም ሊሆን ይችላል።

ይህ ማለት ግን ሁልጊዜ ደህና ናቸው ማለት አይደለም። ብዙዎቹ እንቅልፍ ይቸገራሉ፣ ጭንቀትም አለባቸው፤ ሲያማቸው ደግሞ አፍ አውጥተው «አመመኝ» አይሉም። በእኔ እይታ «ደስተኛው» የሚለው ስም ትልቁ ጉዳቱ ይህ ነው፤ ልጁ ስለሚስቅ ማንም አይጠይቅም።

ዝም ያለውን የአባት ቅጂ ለማንቃት የታሰቡ መድኃኒቶች አሁን በሰው ላይ እየተሞከሩ ነው። እዚያ ከሚመዘኑት ነገሮች መካከል እንቅልፍ፣ መግባባትና የአንጎል ሞገድ ይገኛሉ።