የዘር ሐረግ በኦሎምፒያ

ሰው አያት ቅድመ አያቱን ሲቆጥር “የዘር ሐረጉን ቆጠረ” እንላለን። ልብ ብላችሁ ካያችሁት ዘርም ሐረግም ከጓሮ የመጡ ቃላት ናቸው። በብራና መጻሕፍቶቻችን ገጾች ራስጌ ላይ የሚሳለው የተጠላለፈ ጌጥም ስሙ ሐረግ ነው። ለትውልድም ለመጽሐፍም ስሙን ያበደረው ተክል ግን በከተማችን አጥሮች ላይ እንደ ብርቅ የሚታይ ሆኗል።

የማወራው በአንድ ዓመት ውስጥ በቅሎ፣ አብቦ፣ አፍርቶ ስለሚሞተው ሐረግ ነው። የእኛው ዋና ተወካይ ደግሞ ቅል ነው። ቅልን በአንኮላነቱ፣ በጭልፋነቱ፣ በወተት መናጫነቱ እናውቀዋለን፤ አበባነቱን ግን ረስተነዋል። ነጭ አበባው የሚከፈተው አመሻሽ ላይ ነው። ሌሊቱን የእሳት ራት ሲጎበኘው ያድርና በማግስቱ ይጠወልጋል።

“ቅል ባገሩ ድንጋይ ይሰብራል” ይባላል። አገሩ የት ነው ካላችሁ፣ አፍሪካ ነው። ይሁን እንጂ በአሜሪካ አህጉር 10,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የቅል ቅሪት ተገኝቷል። ኮሎምበስ ሳይወለድ ማን አደረሰው? እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ የዘረ መል ጥናት ከእስያ ነው የመጣው ብሎ ነበር። በ2014 የወጣው ሌላ ጥናት ግን ፍሬው ከአፍሪካ ተነስቶ በውቅያኖስ ላይ እየተንሳፈፈ እንደተሻገረ አሳየ። ፓስፖርትም ቪዛም ሳይጠይቅ ማለት ነው።

የነነዌን ጾም የምትጾሙ ቅልን ከትንቢተ ዮናስ ታውቁታላችሁ፤ በአንድ ሌሊት በቅሎ ለነቢዩ ጥላ የሆነው፣ በሌላ ሌሊት የደረቀው ተክል በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ቅል ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ቅዱስ ጄሮም ወደ ላቲን ሲተረጉም ቅሉን ትቶ “አይቪ” የሚባለውን፣ ለዓመታት የሚኖረውን ሐረግ አስገባ። አውግስጢኖስ በጻፈለት ደብዳቤ እንደነገረው፣ በዛሬዋ ትሪፖሊ ምእመናኑ ንባቡን ሲሰሙ ሁከት አስነሱ። የለመዱትን ቅል ማን ወሰደብን ነው ነገሩ።

ከእኛ አጥር ላይስ ቅልን ማን ወሰደው? መልሱ ለመያዣው የሚሆነው ነገር መጥፋቱ ይመስለኛል። ቻርለስ ዳርዊን አሜሪካዊው የዕፅዋት ሊቅ ኤሳ ግሬይ የላከለትን የአንድ የቅል ዘመድ ዘር ዘርቶ፣ ታሞ ቤት በዋለበት ጊዜ ሐረጉ እየዞረ መደገፊያ ሲፈልግ ይከታተል ነበር። የጥናቱን ውጤት እ.ኤ.አ. በ1865 አሳተመ። የቅል ሐረግ እንደ ምንጭ ሽቦ የሚጠማዘዙ ቀጫጭን እጆች አሉት። እጁ እንጨት ወይም ገመድ ሲነካ ይጠመጠማል፤ ከዚያ ራሱን አጣጥፎ ግንዱን ወደ ላይ ይስባል። ልሙጥ ነገር ላይ ግን የሚጨብጠው የለውም። የእንጨት አጥር መሰላሉ ነው፤ ቆርቆሮና በሲሚንቶ የተለሰነ ብሎኬት ግን የተዘጋ በር ነው።

ኦሎምፒያን እንውሰድ። በ1950ዎቹ ዓ.ም የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሥራ ከጀመረ በኋላ በቦሌ መንገድ ግራና ቀኝ ግቢ ያላቸው ቪላዎች በረከቱ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ከ1990ዎቹ ወዲህ ደግሞ ደምበልና መሰሎቹ ፎቆች የመንገዱን ዳር ያዙት። ስለዚህ ዛሬ በአካባቢው ከሚኖረው ወጣት ብዙው ተከራይ ነው። መሬቱ የመንግሥት፣ ቤቱ የአከራይ። ጥላው ከአሥር ዓመት በኋላ ለሚደርስ ዛፍ ጉድጓድ ቆፍር ብትሉት ይስቅባችኋል፤ እውነቱን ነው።

የዓመቱ ሐረግ ግን የተከራይ ተክል ነው። በጥቂት ወራት አብቦ ያሳያችኋል። ኪራይ ተጨምሮ ስትለቁ ደግሞ ዘሩ በፖስታ ታሽጎ አብሯችሁ ይሄዳል፤ አከራይም ቀበሌም የማይወስደው ርስት ነው።

ርስቱ አንድ ግዴታ አለው፤ ሳትዘሩት ብዙ መቆየት አትችሉም። የቅል ዘር በደረቅ ቦታ ጥቂት ዓመታት ይታገሣል፤ ሁሉም ሰው ከረሳው ግን ያ ዓይነት ከሰፈሩ ጠፋ ማለት ነው። በአገር ደረጃ ይህ ቀልድ አይደለም። በ1977ቱ ድርቅ ብዙ ገበሬ ለዘር ያስቀመጠውን ለመብላት ተገድዷል። በ1969 ዓ.ም የተቋቋመውን የዕፅዋት ዘር ማዕከል ይመሩ የነበሩት ዶክተር መላኩ ወረደ የገበሬውን ዘር ከመጥፋት ለማትረፍ ሠርተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሸልመዋል። የእሳቸው ትልቁ ሐሳብ ዘር በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳ ላይ፣ በየዓመቱ እየተዘራ መጠበቅ አለበት የሚል ነበር።

ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ የኮሪደር ልማቱ በየመንገዱ ዳር አበባ ተክሏል፤ ለዓይን ደስ ይላል። ግን አድጎ የመጣ አበባ እንጂ እኛ የዘራነው አይደለም። ዘርቶ ማየት ለፈለገ መንገዱ ቀላል ነው። ብርዱ ሲያልፍ፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ፣ የቅል ዘር አንድ ቀን በውኃ ዘፍዝፉ፤ ቅርፊቱ ጠንካራ ነው። አፉን በቆረጣችሁት፣ ሥሩን በበሳችሁት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አፈርና ፍግ ሙሉና ሁለት ፍሬ ቅበሩ። ፀሐይ የሚያገኘው በረንዳ ላይ አስቀምጡት፤ ከብረቱ ሲባጎ ዘርጉለት። መጀመሪያ የሚፈኩት አብዛኛውን ጊዜ ወንዴ አበቦች ናቸውና አላፈራም ብላችሁ አትንቀሉት፤ ሴቴዋ ከሥሯ ትንሽ ቅል ይዛ ትመጣለች። የእሳት ራት ካልመጣ አመሻሽ ላይ የወንዴውን አበባ ቀጥፋችሁ ሴቴዋ ላይ ዳብሱት። መራራውን ቅል ግን እንዳትበሉት፤ ይመርዛል።

ፍሬው በሐረጉ ላይ ይድረቅ። ስትነቀንቁት ሲንኳኳ ዘሩ ደርሷል። ጥቂቱን አስቀምጡ፣ የቀረውን ለጎረቤት ስጡ፤ የእናንተ ባይበቅል የእሱ ይበቅላል።