ከቀብር መልስ የማንጠይቀው ጥያቄ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነውና ታገሱኝ። ጊፋታ እየደረሰ ነው። ከአዲስ አበባም፣ ከሐዋሳም፣ ከሌላም ቦታ ወደ ወላይታ የሚገባው ሰው መንገዱን ሊሞላው ነው። ሰው ሻንጣውን ሳያዘጋጅ፣ ኮንትራት መኪና ሳይነጋገር፣ ስለ መኪና አደጋ አንድ ነገር ማለት ፈለግኩ። የትራፊክ ፖሊስ አይደለሁም። የታሪክ መምህር ነኝ፤ የማወራውም በታሪክ በኩል ነው።

ሩቅ ሳንሄድ ከብላቴ ማዶ ካለው ጎረቤታችን እንጀምር። እሁድ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በሲዳማ ክልል ቦና አካባቢ ሠርገኞችን የጫነ አይሱዙ ድልድይ ስቶ ወንዝ ውስጥ ገባ። 71 ሰው ሞተ። 68ቱ ወንዶች፣ 3ቱ ሴቶች ነበሩ። ከአንድ ቤት ከአንድ በላይ ሰው የቀበሩ ቤተሰቦች ነበሩ። በሕይወት የተገኙት ቦና አጠቃላይ ሆስፒታል ገቡ። ለሠርግ የወጣ ሰው ነው እንግዲህ፤ ለጦርነት አይደለም።

ያን ሰሞን ሁላችንም አለቀስን። ፎቶ ለጠፍን፣ ሻማ ለጠፍን፣ «ነፍስ ይማር» አልን። ከዚያ አንድ ጥያቄ ተጠየቀ፤ «ሹፌሩ ምን ሆኖ ነው?» የሚል። በየአደጋው መጀመሪያ የሚመጣው ይሄው ነው። ሌላ ጥያቄ ሳይጠየቅ ለቅሶው ያልቃል፣ ድንኳኑ ይነሳል፣ በቀጣዩ ሳምንት በሌላ ወረዳ ሌላ አይሱዙ ሰው ጭኖ ይሄዳል።

«ማን አጠፋ?» የሚለው ጥያቄ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ሕጉም ይጠይቀዋል። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰው የገደለን ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል። ጥሩ ነው፣ ይቀጣ። ግን ሹፌሩ ታስሮ መኪናው፣ መታጠፊያው፣ ድልድዩ፣ ትርፍ የመጫን ልማዱ በነበሩበት ከቀሩ፣ ያሰርነው አንድ ሰው ነው። አደጋው አልታሰረም።

ይሄ የእኛ ብቻ ጠባይ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1896 ለንደን ውስጥ ብሪጅት ድሪስኮል የምትባል የ44 ዓመት እናት መንገድ ስታቋርጥ መኪና ገጭቶ ገደላት። በእንግሊዝ አገር በቤንዚን መኪና የተገደለች የመጀመሪያዋ እግረኛ እሷ ናት። ጉዳዩ ተመርምሮ «ድንገተኛ አደጋ ነው» ተብሎ ተዘጋ። መርማሪው እንዲህ ያለ ነገር ዳግም እንዳይደርስ ተስፋ አደርጋለሁ ማለቱ ተመዝግቧል። ተስፋ አደረገ፣ ሄደ። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ ላይ ይሞታል። ከ5 እስከ 29 ዓመት ያለውን ሰው ከሚገድሉ ነገሮች አንደኛው መንገድ ነው። ማለትም ተማሪዎቼን የሚገድለው እሱ ነው።

እኛ አገር መኪና የገባው ከዚያ 11 ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ሲድሌይ መኪናውን አዲስ አበባ አስገብቶ ለአፄ ምኒልክ አሳየ። ከዚያ ጣሊያን ለጦርነቱና ለአገዛዙ ሲል መንገድ ሠራ። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ሲጀመር አገሪቱ 26 ሺህ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነበራት፤ 20 ዓመት ሳይሞላ ከ100 ሺህ በላይ ሆነ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው። እናቶቻችን በቃሬዛ ይሄዱበት በነበረ አገር መንገድ መድረሱን የሚንቅ ሰው የለም።

ግን ታሪካችንን ስታዩት መንገድን የምንቆጥረው በኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ስንት ኪሎ ሜትር ተሠራ፣ ስንት ተመረቀ። በዚያ ኪሎ ሜትር ላይ ማን ነው የሚሄደው ብለን አልቆጠርንም። የእኛን አካባቢ ተመልከቱ። ከሻሸመኔ በአላባ በቦዲቲ አድርጎ ሶዶ፣ ከሶዶ አርባ ምንጭ፣ ከሶዶ በዲምቱ አድርጎ ሐዋሳ። አስፋልቱ ሲመጣ ሰፈሩ ወደ አስፋልቱ ተጠጋ። ሱቁ፣ ገበያው፣ ትምህርት ቤቱ ጠርዙ ላይ ነው። መንገዱ የተሠራው ለመኪና ፍጥነት፣ የሚጠቀምበት ደግሞ ሙዝ የተሸከመች እናት፣ አህያ የሚነዳ ሽማግሌና ደብተር የያዘ ልጅ። ሁለቱ ባንድ ጠርዝ ላይ ሲገናኙ የሚሆነውን ድንገተኛ ነው ማለት ይከብዳል። የሚጠበቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ይህን ነገር በሌላ ዓይን ያየ አንድ ሰው ነበር። ዊሊያም ሃደን ይባላል፣ አሜሪካዊ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የአገሩን የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት የመጀመሪያ ኃላፊ ሆነ። ሐኪም ስለሆነ የመኪና አደጋን እንደ ወባ አየው። ወባ የያዘውን ሰው «ለምን ታመምክ?» ብለህ አትቆጣውም፤ ትንኙን፣ ውሃውን፣ አጎበሩን ትጠይቃለህ አይደል? ሃደን አንድ ቀላል ሰንጠረዥ ሠራ። ወደ ታች ሦስት ረድፍ፦ ከግጭቱ በፊት፣ በግጭቱ ጊዜ፣ ከግጭቱ በኋላ። ወደ ጎን ሦስት ዓምድ፦ ሰው፣ መኪና፣ መንገድና አካባቢ። ዘጠኝ ሳጥን ወጣ። «የሹፌሩ ጥፋት» ከዘጠኙ ሳጥን አንዷ ብቻ ናት።

እስቲ ሰው የጫነ አይሱዙ በእነዚህ ሳጥኖች ውስጥ እናስገባ። ከግጭቱ በፊት፦ ሠርገኛው ለምን ጭነት መኪና ላይ ወጣ? ሞኝ ስለሆነ አይደለም። በየገጠር ወረዳችን አውቶቡስ ስንት ነው? ኮንትራቱስ ስንት ነው? በመንገዱ ላይ የትርፍ ጭነት ፍተሻ ነበረ? መኪናው በሚታጠፍበት ጊዜ ደግሞ እህል የታሰረ ጭነት ነው፣ ሰው ግን አይታሰርም። የቆመ ሰው ሁሉ ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል ክብደቱ ከመኪናው ጋር ይገለበጣል። በግጭቱ ጊዜ፦ ቀበቶ የለም፣ ወንበር የለም፣ ጣሪያ የለም። ድልድዩ ጠርዝ ላይ መኪና የሚያቆም መከላከያ አለው ወይ? ከግጭቱ በኋላ፦ አምቡላንስ በስንት ደቂቃ ይደርሳል? ደም አለ? ስብራት እንዴት እንደሚያዝ የሚያውቅ ሰው በመንደሩ ውስጥ አለ?

አያችሁ፣ ሹፌሩ ጻድቅ ቢሆን እንኳ ከእነዚህ አብዛኞቹ ሰው ይገድላሉ። ሹፌሩ ቢያጠፋም እንኳ ከእነዚህ ጥቂቶቹ ቢስተካከሉ ብዙ ሰው ይተርፍ ነበር።

ይህን ሰንጠረዥ ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ሰጥቻቸው ነበር። እያንዳንዱ ተማሪ ቤተሰቡ የሚያስታውሰውን አንድ አደጋ ጠይቆ እንዲሞላ። መጀመሪያ ሰንጠረዥ ሳላሳያቸው «ምክንያቱ ምን ነበር?» ስላቸው ሁሉም ማለት ይቻላል «የሹፌሩ ጥፋት» ወይም «ቀኑ ስለደረሰ» ብለው ጻፉ። ዘጠኙን ሳጥን ሞልተው ሲመጡ ሌላ ታሪክ መጣ። የገበያ ቀን ማታ፣ መብራት የሌለው ሞተር፣ ሦስት ሰው የጫነ ሞተር፣ ሄልሜት እጀታው ላይ ተንጠልጥሎ፣ ዝናብ የበላው ጠርዝ። አንዲት ተማሪዬ የጻፈችው ግን እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። «አጎቴ ከሞተር ሲወድቅ አልሞተም። የሞተው መኪና ስንጠብቅ ነው።» ይህች ልጅ ያለ ማንም እገዛ ሦስተኛውን ረድፍ አገኘችው።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። «ሰው ይጠንቀቅ፣ በቃ» የሚል ሰው ይኖራል። ጥንቃቄ ምን ያህል እንደሚቆይ የሚያሳይ ጥሩ ምሳሌ አለ። ብዙዎቻችሁ የማታውቁት ነገር ልንገራችሁ፤ ኢትዮጵያ በግራ በኩል ትነዳ ነበር። ወደ ቀኝ የተዛወረችው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው። ስዊድንም እ.ኤ.አ. በ1967 እንዲሁ አደረገች። ሁሉም ሰው እልቂት ይመጣል ብሎ ፈራ። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ ሰው ስለፈራ ቀስ ብሎ ነዳ፣ አደጋ ቀነሰ። ግን ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሰው ለመደው፣ አደጋውም ወደ ቦታው ተመለሰ። ፍርሃት ያመጣው ጥንቃቄ ከፍርሃቱ ጋር ያልቃል። ከቦና በኋላ ለትንሽ ጊዜ ሁላችን ጭነት መኪና ላይ መውጣት ፈርተን ነበር። አሁንስ?

ስዊድኖች ከዚያ ተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1997 ፓርላማቸው አንድ ሐሳብ አጸደቀ፦ ሰው መሳሳቱ አይቀርም፣ ስለዚህ መንገዱና መኪናው ስህተቱን በሞት እንዳይቀጡት ሆነው ይሠሩ። መሃል መንገድ ላይ መለያ ዘረጉ፣ መስቀለኛ መንገዱን አደባባይ አደረጉት፣ ሰው በሚበዛበት ፍጥነት ቀነሱ። በ1960ዎቹ አጋማሽ በዓመት ከ1,300 በላይ ሰው ይሞትባቸው ነበር፤ ዛሬ መኪናው በብዙ እጥፍ ጨምሮ ሟቹ 200 አካባቢ ነው። የስዊድን ሹፌር መልአክ ሆኖ አይደለም።

«እነሱ ሀብታም ናቸው» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። ግን ሁሉም ነገር ገንዘብ አይጠይቅም። ፊዚክስ የተማራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የግጭቱ ኃይል በአራት እጥፍ ይጨምራል። በ60 የሚመጣ መኪና በ30 ከሚመጣው ሁለት እጥፍ አይደለም፣ አራት እጥፍ ነው የሚመታው። በትምህርት ቤት በር ላይ ያለ አንድ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ይህን ኃይል ይቀንሳል፤ ዋጋው ደግሞ ጥቂት ኩንታል ሲሚንቶና አሸዋ ነው። ቀበቶ ማሰር የፊት ተሳፋሪን የመሞት ዕድል እስከ ግማሽ ይቀንሳል። የሞተር ሄልሜት ጭንቅላት ያተርፋል።

አንድ የታሪክ መምህር ነገር ደግሞ ልጨምር፤ ስለ ማስረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ኢትዮጵያ በመንገድ አደጋ ሞተ ብላ የመዘገበችው 4,352 ሰው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለዚያው ዓመት የገመተው 27,326 ነው። በመሃል ያለውን ልዩነት አስቡት። ሆስፒታል ገብቶ ከሳምንት በኋላ የሞተው፣ ቤቱ ተወስዶ የሞተው፣ ሩቅ ቀበሌ ውስጥ የተቀበረው ብዙ ጊዜ መዝገብ ላይ አይደርስም። ያልተጻፈ ሰው ለበጀትም ለዕቅድም የለም። የማንም አጎት ነው፣ ቁጥር ግን አልሆነም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አራት ነገር ልበልና ላብቃ።

አንደኛ፣ ለሠርግም ለለቅሶም ሰው በጭነት መኪና አይጫን። ሽማግሌዎቻችን፣ የእድር ዳኞች፣ የቤተ ክርስቲያን መሪዎች፣ ይህን ማስቆም የምትችሉት እናንተ ናችሁ። ለድንኳንና ለወንበር የምናዋጣውን ያህል ለአውቶቡስ ኮንትራት እናዋጣ። ካልተሟላ ጥቂት ሰው ይሂድ፤ ሙሽራው ይቅር ይለናል።

ሁለተኛ፣ ዛሬ ሞተርና ባጃጅ የምትነዱ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ሄልሜቱ እጀታ ላይ የሚሰቀል ጌጥ አይደለም። ሦስተኛ ሰው ከመጣ «ቀጣዩን ጠብቅ» በሉት። እናንተ ተሳፋሪዎችም «ቀስ በል» ለማለት አትፈሩ፤ ወያላው ይሳቅ።

ሦስተኛ፣ የተጎዳ ሰው ስታገኙ «ማን ይከፍላል?» ብላችሁ አትቁሙ። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ለተጎጂው አስቸኳይ ሕክምና እስከ 2 ሺህ ብር እንዲሸፈን ደንግጎ ነበር። መብቱ አለ፣ ጠይቁት። የተሰበረን እግር ደግሞ አትጎትቱ፤ በእንጨት ደግፋችሁ እሰሩት።

አራተኛ፣ በየቀበሌያችሁ አደጋ የሚደጋገምበትን ቦታ ጻፉ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የት መታጠፊያ ላይ እንደሆነ። መምህራን ይህን ለተማሪ እንደ ክፍል ሥራ ስጡ። አንድ ቦታ ላይ ሦስት ጊዜ አደጋ ከደረሰ፣ ሦስት የተለያዩ ሹፌሮች ተሳሳቱ ማለት ብቻ አይደለም፤ ቦታው ራሱ እየተናገረ ነው። ያን ወረቀት ይዘን ወረዳ ብንሄድ ከለቅሶ የተሻለ ይሰማናል።

«ቀኑ ስለደረሰ ነው» የሚለውን አባባል አልንቅም፤ ሐዘንተኛን ያጽናናል። ግን ለሐዘንተኛ የተባለውን ለመሐንዲስና ለአስተዳዳሪ መልስ አናድርገው። ቀኑን ፈጣሪ ያውቃል። የመኪናው ፍሬን፣ የድልድዩ ጠርዝና የሰው ቁጥር ግን የእኛ ሥራ ነው።

ከብላቴ ወዲህም ወዲያም ለተለዩን ነፍስ ይማር። ወደ ቤት የምትመጡ ሁሉ በሰላም ግቡ፤ ዘግይታችሁም ቢሆን ግቡ። ዮዮ ጊፋታ!