ፈቃዱ ሄደ፣ ስሙ ቀረ

ኮድ የምጽፍ ሰው ስለሆንኩ ታሪክ ሳነብም መጀመሪያ የማደርገው ሰንጠረዥ ማውጣት ነው። የምዕራብ ካናዳን የጁኒየር አይስ ሆኪ ሊግ አጀማመር ሳነብም ይህንኑ አደረግኩ፤ የቡድኑ ስም፣ ከተማው፣ የገባበት ዓመት፣ የወጣበት ዓመት። ፍሊን ፍሎን ቦምበርስ ላይ ስደርስ ግን ሰንጠረዡ እምቢ አለኝ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ፍሊን ፍሎን በማኒቶባና በሳስካችዋን ድንበር ላይ፣ ከዊኒፔግ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኝ የማዕድን ከተማ ናት። ስሟ እንኳ የተወሰደው ከአንድ ልብ ወለድ ገጸ ባሕርይ ነው። መዳብና ዚንክ ባይገኝ ኖሮ እዚያ ከተማ የሚቆረቁር አይኖርም ነበር። ቦምበርስ የተመሠረተው በ1927 ነው። በ1957 የከተማዋ ልጆች የኦታዋን ቡድን በሰባተኛው ጨዋታ አሸንፈው የአገሪቱን ትልቁን የጁኒየር ዋንጫ፣ ሜሞሪያል ካፕን ወሰዱ። ተሸናፊው ቡድን ደግሞ ከጀርባው የሞንትሪያል ካናዲየንስ ድጋፍ ነበረው።

በዚያ ዘመን አሠራሩ እንዲህ ነበር፤ የኤንኤችኤል ክለቦች የጁኒየር ቡድኖችን በገንዘብ ይደግፋሉ፣ በምላሹም ልጆቹን ገና በአፍላነታቸው የራሳቸው ያደርጋሉ። በ1960ዎቹ ይህ አሠራር እየቀረ መጣ። በኤድመንተን ደግሞ ቢል ሀንተር የሚመራው ኦይል ኪንግስ በአልበርታ እኩያ ስላጣ ከአዋቂዎች ጋር ይጫወት ነበር። ስለዚህ ሀንተር ከኤስቴቫኑ ስኮቲ መንሮና ከሌሎች ጋር ሆኖ በ1966 አዲስ ሊግ አቋቋመ። ከሰባቱ መሥራች ቡድኖች አምስቱ የሳስካችዋን ነበሩ፤ ሙስ ጆው፣ ዌይበርን፣ ኤስቴቫን፣ ሳስካቱንና ሬጂና። የካናዳ አማተር ሆኪ ማኅበር ግን ሊጉን አላውቀውም አለ። በመጀመሪያው ዓመት ሙስ ጆው ሻምፒዮን ቢሆንም ለሜሞሪያል ካፕ መወዳደር አልቻለም።

ፍሊን ፍሎን በ1967 ገባች። በዚያው የውድድር ዘመን ሬጂ ሊች የተባለ የኦጂብዌ ልጅ በ59 ጨዋታ 87 ጎል አገባ። አብሮት የሚጫወተው የከተማዋ ልጅ ቦቢ ክላርክ ደግሞ 51 ጎል አግብቶ 117 አመቻቸ። ቦምበርስ በ1969 እና በ1970 የሊጉን ዋንጫ በሉ። ክላርክ የስኳር ሕመም ስላለበት በ1969ኙ የኤንኤችኤል ምርጫ ክለቦች ፈርተው አለፉት፤ ፊላደልፊያ ፍላየርስ በ17ኛ ተራ ወሰደው። በ1974 እና በ1975 አምበል ሆኖ ስታንሊ ካፕን አነሳ።

እንግዲህ ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ይለኝ ነበር። ነገር ግን የትልቅ ክለብ ድጎማ ከሌለ ቡድን የሚኖረው በትኬት ነው፤ ትንሽ ከተማ ደግሞ የምትሸጠው ትኬት ልክ አለው። በ1968 ሊጉ ከማኅበሩ ጋር ጨርሶ ሲለያይ ሙስ ጆው፣ ዌይበርንና ሬጂና ወጡ። በ1971 የኤስቴቫን ቡድን ቫንኩቨር አጠገብ ወዳለችው ኒው ዌስትሚንስተር ተዛወረ። በ1978 የፍሊን ፍሎን ተራ ደረሰ፤ ፈቃዱ ወደ ኤድመንተን ሄደ። በዓመቱ ወደ አሜሪካ፣ ሞንታና ውስጥ ወዳለችው ግሬት ፎልስ ተሻገረ፤ እዚያም የውድድር ዘመኑን ሳይጨርስ ፈረሰ። የሚገርመው፣ ፍሊን ፍሎን በወጣችበት በዚያው 1978 ሊጉ ከስሙ ላይ «ካናዳ» የሚለውን ቃል አወጣ።

ሰንጠረዤ ላይ «የወጣበት ዓመት፦ 1978» ብዬ ጽፌ ልዘጋው ነበር። ግን በ1984 ቦምበርስ አንድ ደረጃ ዝቅ ባለው የሳስካችዋን ጁኒየር ሊግ ተመልሶ መጣ። ስሙ ያው፣ ከተማው ያው፣ ሜዳውም ያው ዊትኒ ፎረም ነው። ታዲያ የትኛው ነው ቦምበርስ? በወረቀት ከሄድን ኤድመንተንና ግሬት ፎልስ ዞሮ የጠፋው ነው። የፍሊን ፍሎንን ሰው ብትጠይቁ ግን ጥያቄው ራሱ የሚገባው አይመስለኝም። ሊጉ የሸጠውና ያዘዋወረው ፈቃድን ነው። የ1957ቱን ዋንጫ፣ ክላርክና ሊችን አብሮ መውሰድ አልቻለም።

ሰንጠረዡን አስተካከልኩት። «የወጣበት ዓመት» የሚለውን አምድ ለሁለት ከፈልኩት፤ አንዱ ለፈቃዱ፣ አንዱ ለቡድኑ። የፍሊን ፍሎን ሁለተኛው ሳጥን እስካሁን ባዶ ነው።