አራት መስመር የሚያህል ፊት

የዕለት እንጀራዬ ከባንክ ቤት ነው። በመስኮቴ በኩል የሚቆም ሰው ሁሉ ሁለት ፊት ይዞልኝ ይመጣል፤ አንዱ ከአንገቱ በላይ ያለው፣ ሌላው በመታወቂያው ላይ ያለው ጉርድ ፎቶ። የእኔ ድርሻ ሁለቱን አስተያይቶ «እሱ ነው» ወይም «እሷ ናት» ማለት ነው። ሰው ይከሳል፣ ይወፍራል፣ ጥርሱን ያጣል፤ ጉርዱ ግን እንደ ተነሣ ይኖራል። ይሁን እንጂ በአንዲት ትንሽ አራት ማዕዘን ውስጥ ሰው እንዴት እንደሚያድር በጥሞና ያሰብሁት ባንክ ውስጥ አይደለም። ያሳሰበኝ የእኅቴ ልጅ ነው።

ልጁ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነው። በአሮጌ ኮምፒውተሩ፣ አርፒጂ ሜከር ቪኤክስ ኤስ በሚባል ፕሮግራም፣ የራሱን ጨዋታ ይሠራል። አርፒጂ የሚባለው ተጫዋቹ የአንድ ታሪክ ገጸ ባሕርይ ሆኖ የሚጓዝበት፣ ከሰው ጋር የሚነጋገርበትና የሚዋጋበት የጨዋታ ዓይነት ነው። የእሱ ጀግና ከገጠር ወደ ከተማ የሚሄድ ልጅ ሲሆን፣ በየመንገዱ ምክርና ስንቅ የምትሰጠው አንዲት አሮጊት አለች። «ጋሼ፣ አሮጊቷ እምዬ እንድትሆን እፈልጋለሁ፤ ፊቷን ሣልልኝ» አለኝ። እምዬ የእናቴ እናት ናት። ያረፈችው እሱ ሳይወለድ፣ እኔም ገና ልጅ ሳለሁ ነው። የቀረን ምስሏ አንድ ብቻ ነው፤ ከቀበሌ መታወቂያዋ ላይ የተላጠ፣ ጥጉ ላይ ማኅተም ያረፈበት፣ ጥቁርና ነጭ ጉርድ።

ከግጥም ቀጥሎ እርሳስ መነካካት እወዳለሁና እሺ አልሁት። ከመጀመሬ በፊት ግን ይህች በንግግር ሳጥን ጥግ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ ፊት ከየት እንደመጣች ለማወቅ ፈለግሁ። በእኛ ቋንቋ ጥያቄው ድርብ ትርጉም አለው። በድርሰት ውስጥ ያለውን ሰው «ገጸ ባሕርይ» እንለዋለን፤ «ገጽ» ደግሞ በግእዝ ፊት ማለት ነው። በቃላችን ውስጥ ፊቱ ከባሕርዩ ቀድሞ ተቀምጧል። በጨዋታዎቹ ታሪክ ግን የሆነው የተገላቢጦሽ ነው፤ ባሕርዩ መጣ፣ ፊቱ ዘገየ።

እ.ኤ.አ. በ1981 ዊዛርድሪ የተባለው ጨዋታ በአፕል 2 ኮምፒውተር ላይ ሲወጣ፣ ተጫዋቹ እስከ ስድስት የሚደርሱ ባልንጀሮችን አደራጅቶ ወደ ምድር ቤት ይወርድ ነበር። እነዚህ ስድስቱ ስምና ሙያ፣ የጉልበትና የጥበብ ልክ ነበራቸው፤ ሁሉም በፊደልና በቁጥር። መልክ ግን አልነበራቸውም። በመስኮቱ ውስጥ ሥዕል ሆኖ የሚታየው ከፊታቸው የሚቆመው ጭራቅ ነው። ወዳጅ በስም፣ ጠላት በመልክ ይታወቅ ነበር ማለት ነው።

በ1986 በጃፓን ድራጎን ኩዌስት ሲወጣ ጀግናው በካርታው ላይ ሲራመድ ይታይ ጀመር። ሠዓሊው ቶሪያማ አኪራ የሣለው ወጣት ቆንጆ ነበር፤ ማሽኑ የሚችለው ግን ጎኑ 16፣ ቁመቱም 16 ፒክስል የሆነች ምስል ነበር። ከራስ ቁሩ እስከ ጫማው በ256 ነጥብ ያለቀ ሰው! ቀለሙም ቢሆን ለአንድ ተንቀሳቃሽ ቁራጭ ከሦስት አይበልጥም፤ አራተኛው ቦታ ለባዶነት የተተወ ነው። ተጫዋቹ ፊቱን ከመመሪያው መጽሐፍ ሥዕል ተውሶ በነጥቦቹ ላይ በሐሳቡ ያለብስ ነበር።

ከዚያ በኋላ ፊት ቀስ እያለ መጣ። በ1987 ሴጋ ባወጣው ፋንታሲ ስታር፣ ኮዳማ ሬይኮ ከሠዓሊዎቹ አንዷ ሆና በሠራችበት ጨዋታ፣ ወንድሟ የተገደለባት አሊስ የተባለች ልጅ ከነሐዘኗ በሥዕል ቀርባ ታየች። በ1988 በአሜሪካ ፑል ኦቭ ሬዲያንስ ተጫዋቹ ራስና አካል ለየብቻ እየመረጠ የገጸ ባሕርዩን ምስል እንዲገጣጥም ፈቀደ። በ1987 በተጀመረው ፋይናል ፋንታሲ ደግሞ አማኖ ዮሺታካ እንደ ጭስ በሚበንን ቀጭን መስመር ይሥላል፤ ሺቡያ ካዙኮ ያንን ጭስ በጥቂት ካሬዎች ትለቅማለች። ይህን ሳነብ የግጥም ተርጓሚ ትዝ አለኝ። ሁሉንም ይዞ መሻገር እንደማይችል ያውቃል፤ ሙያው የሚጥለውን መምረጥ ነው።

በ2000 የወጣው ሁለተኛው ባልደርስ ጌት ሌላ በር ከፈተ። ተጫዋቹ የፈለገውን ፊት ራሱ አዘጋጅቶ፣ ለዚሁ በተመደበ አቃፊ ውስጥ አስቀምጦ፣ በጨዋታው ሊጠቀምበት ቻለ። ሥርዓቱ ግን እንደ ባንክ ቅጽ ጥብቅ ነበር። አንድ ፊት በሦስት ልክ መዘጋጀት አለበት፤ ትልቁ 210 በ330፣ መካከለኛው 110 በ170፣ ትንሹ 38 በ60 ፒክስል። የፋይሉ ስም ከስምንት ፊደል አያልፍም፤ የመጨረሻዋ ፊደል የመጠኑ ምልክት ናት፤ ኤል ለትልቁ፣ ኤም ለመካከለኛው፣ ኤስ ለትንሹ። በትልቁ ላይ የግንባር ሽብሽብ ይታያል፤ በትንሹ ላይ የሚቀረው ጥላና ቀለም ብቻ ነው። ስለዚህ የገባው ሰው ትልቁን ዝም ብሎ አያሳንስም፤ ለትንሹ ሲል ዓይኑን ያጎላል፣ ልብሱንም ይቆርጣል።

የእኅቴ ልጅ የሚሠራበት የፕሮግራም ቤተሰብ ታሪክም በፊት መጠን ሊነገር ይችላል። በ2000 በወጣው እትም የአንድ ፊት ሳጥን 48 በ48 ነበር፤ 16 ፊቶች በአንድ ሉህ። በ2007 በወጣው ቪኤክስ ወደ 96 በ96 ከፍ አለ፤ ቪኤክስ ኤስም ይህንኑ ልክ ይዞ ቀጠለ። በ2015 በኤምቪ 144 በ144 ሆነ። እነዚህ ቁጥሮች ከየት መጡ ብዬ ሳሰላ አንድ ነገር አገኘሁ። በቪኤክስ የንግግር ሳጥን ውስጥ አራት መስመር ጽሑፍ ይገባል፤ የአንዱ መስመር ቁመት 24 ፒክስል ነው፤ አራት ጊዜ 24 ደግሞ 96። በኤምቪ መስመሩ 36 ነው፤ አራት ጊዜ 36፣ 144። ፊቱ የተለካው በቃሉ ነው! ከሚናገረው አራት መስመር አጠገብ፣ አራት መስመር የሚያህል ቁመት ተሰጥቶት ይቀመጣል። ግጥም ለሚሞክር ሰው ይህ ቀላል ወሬ አይደለም።

እንግዲህ የእምዬን ጉርድ አጉልቼ ከፊቴ አኖርሁና ጀመርሁ። ልጁ አስቀድሞ ከዝግጁ ክፍሎች ፊት በሚገጣጥመው መሣሪያ ሞክሮ ነበር፤ «አሮጊት ሆነች፣ እምዬ ግን አልሆነችም» አለኝ። እኔም በትልቁ ሥዬ ወደ 96 አሳነስኋት። ኮምፒውተሩ አጎራባች ቀለማትን እያማከለ ሲያሳንሳት በጉም ውስጥ ያለች መሰለች። መስመሮቹን አንድ በአንድ፣ በካሬ በካሬ፣ እንደገና ማስመር ግድ ሆነ።

ሁለተኛው ፈተና ቀለም ነበር። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው፤ እናቴ ግን «ጠይም ነበረች፣ ያውም የጠይም ቆንጆ» ትላለች። ጠይምነት በኮምፒውተር ቀለም ስንት ነው? መጀመሪያ ቡናማ መረጥሁና ለጥላው ጥቁር ጨመርሁበት፤ ፊቷ አመድ ነፋበት። በኋላ ጥላውን ወደ ወይን ጠጅ፣ ብርሃኑን ወደ ብርቱካን ሳዘነብለው ደም ገባባት። ከጥቁሩ እስከ ፈካው አምስት ቀለም በቃኝ። ብርሃኑንም በግንባሯ፣ በአፍንጫዋ ድልድይና በጉንጯ አጥንት ላይ አሳረፍሁት፤ በጠይም ፊት ላይ መልክን የሚያወጣው ጥቁር መስመር ሳይሆን የብርሃኑ ማረፊያ መሆኑን ያን ጊዜ ተማርሁ።

በግንባሯ ላይ የመስቀል ንቅሳት ነበራት። በዚህ ሳጥን ውስጥ መስቀል ከአምስት ነጥብ ባነሰ አይሠራም፤ አንዱ መካከል፣ አራቱ ዙሪያውን። አምስቱንም ሰጠኋት። በብዙ ጨዋታዎች ፊቱ ትንሽ ወደ ጎን ዞር ብሎ ይሣላል፤ እኔ ግን ፊት ለፊት አደረግኋት። በአሮጌ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ጻድቃኑ በሁለት ዓይን እያዩን፣ ክፉዎቹ በአብዛኛው በጎንና በአንድ ዓይን ይሣላሉና እጄ እሺ አላለኝም።

ሉሁን ሳዘጋጅም ተሳሳትሁ። ስምንት ሳጥን፣ በላይ አራት በታች አራት፣ መጠኑ 384 በ192 መሆን ሲገባው «ለሂሳብ ይመቻል» ብዬ 400 በ200 አደረግሁት። ፕሮግራሙ ግን የሣልሁትን አይመለከትም፤ በየ96ቱ ይቆርጣል። ስለዚህ በአራተኛው ሳጥን የሦስተኛዋ ትከሻ 12 ፒክስል ያህል ገብቶ ቁጭ አለ። የእኅቴ ልጅ ሳቀብኝ። በአንድ ሳንቲም ልዩነት ሒሳብ ሳይዘጋ ያመሸሁ ሰው ነኝና ስሕተቱ ገባኝ፤ አርሜ፣ በፒኤንጂ አስቀምጬ ሰጠሁት።

ዋናው ችግር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጨዋታው አንድ ፊት አይበቃውም፤ አንዲቱ ሴት ረጋ ስትል፣ ስትጨነቅ፣ ስትቆጣና ስትስቅ መታየት አለባት። እርጋታዋ ከጉርዱ ላይ አለ። ጭንቀቷንና ቁጣዋን ከቅንድቧ አወጣሁት። ሳቋ ግን የለም። ለመታወቂያ ፎቶ የሚስቅ የለምና በጉርዱ ውስጥ ሳቋን የሚጠቁም ምንም አላገኘሁም። ከራሴ ትዝታ ብፈልግ ድምፅዋ መጣልኝ፤ አፏ አልመጣም። ሦስት ጊዜ ጥርስ ሣልሁላት፤ ሦስት ጊዜ ሌላ ሴት ሆነችብኝ።

ወደ እናቴ ሄድሁ። «እምዬ ስትስቅ እንዴት ነበረች?» አልኋት።

«ስትስቅ ማን አይቷት!» አለችኝ። «የነጠላዋን ጥለት ወደ አፏ ታነሣና ዓይኗ ብቻ ይቀራል።» ይህን ስትል እሷም የራሷን ነጠላ ወደ አፏ አነሣች፤ ሳቀችም። ዓይኖቿ ጠበቡ፤ በጥጋቸውም ሦስት ሦስት መስመር ወጣ። ዝም ብዬ አየኋት። ለካስ ስፈልገው የከረምሁት ምስል በየእሑዱ ከፊቴ ቡና ሲያፈላ ኖሯል።

የዚያን ዕለት ማታ አራተኛውን ሳጥን ሣልሁ። አፍ የለበትም። ነጭ ነጠላ፣ አንድ መስመር ቀይ ጥለት፣ ሁለት የጠበቡ ዓይኖች፣ አምስት ነጥብ መስቀል። የእኅቴ ልጅ በጨዋታው ውስጥ አስገብቶ ለእናቴ አሳያት። አሮጊቷ ለጀግናው ዳቦ ሰጥታው ስትስቅ እናቴ መነጽሯን አወለቀች፣ እንደገና አደረገችና «እሷ ናት» አለች።

ባንክ ውስጥ ይህችን ቃል በየቀኑ እላታለሁ። እንዲህ ስትባል ግን ሰምቻት አላውቅም። ሣጥኗ አራት መስመር ታህላለችና እኔም በአራት መስመር ልሰናበታችሁ።

አራት መስመር ቁመት፣ ጠባብ ቤት ሠራሁኝ፣
ሳቋን ላስገባበት፣ እናቴን ጠየቅሁኝ፤
ነጠላው ሲነሣ፣ ዓይኗ ሲጠብልኝ፣
ያልሣልሁት አፏ ነው፣ መጥቶ የሳቀልኝ።