ለብዕር የሚሆን ኸልዋ

 

ስለ ኪታብ መቅራት በተነጋገርንበት ዝግጅት ላይ አንድ ወጣት ወንድማችን «መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ግን ጊዜ የለኝም፣ ቤታችንም ጸጥታ የለውም፤ ብዕር ሳነሣ ደግሞ ሐሳቡ ጥሎኝ ይሄዳል» ሲል ጠይቆን ነበር። ያን ዕለት ሰዓቱ ስላጠረን «ሰብር አድርግ» ብለን አለፍነው። መልሱ ለእኛም አልጣመንም፤ ጥያቄው የእኛም ነበርና።

እዚህ ደብረ ማርቆስ ላይ የአካባቢያችንን ሙስሊሞች ታሪክ ልንጽፍ ከተነሣን ብዙ ረመዷን አልፏል። ኮሌጅ ሳለን የጀመርነው ደብተር ነው። ከአያታቸው የሰሙትን የባሶ ገበያ ወሬ ሁሉ በቃላቸው የያዙ አንድ አዛውንት አባት ነበሩን። ባገኙን ቁጥር «ልጄ፣ መቼ ነው ይዘኸው የምትመጣው?» ይሉናል፤ እኛም «ከዒድ በኋላ፣ ኢንሻአሏህ» እንላለን። ዛሬ ኒካሕ፣ ነገ ሽምግልና፣ ከነገ ወዲያ የልጆች ትምህርት ሆነና ዒዱ ሄዶ ሌላ ዒድ መጣ። በመጨረሻ ጀናዛቸውን ያሰገድነው እኛው ነን። ደብተሩ ላይ የእርሳቸው ስምና አንድ ቀጠሮ ብቻ ሰፍሯል።

ባሶ ምን ነበር? ከከተማችን በስተ ደቡብ፣ ወደ ዐባይ በሚወስደው መንገድ ያለ፣ በአሥራ ዘጠነኛው ምእተ ዓመት ከአገሪቱ ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። ሙስሊም ነጋዴዎች ዐባይን ተሻግረው እስከ ጉድሩና ሊሙ ኢናሪያ ይወርዳሉ፤ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ቡና ይዘው ይመለሳሉ። ባሪያም ይነግዱ ነበር፤ ይህን ስለ አባቶቻችን ስንጽፍ ልንደብቀው አይገባም። ከዚያ ዕቃው በአሞሌ ጨው እየተገበያየ ወደ ጎንደርና ወደ ምጽዋ ያመራል። እንግዲህ ስለዚህ ገበያ ዛሬ ስናነብ ከምናገኛቸው ምስክሮች አንዱ በዚያ ዘመን አገራችንን የጎበኘው ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ነው። በእንግድነት የመጣ ሰው የነጋዴዎቻችንን ወሬ ሰምቶ ማታ ማታ ጻፈ። ባለ ታሪኮቹ ግን ጭነው፣ ተጉዘው፣ ሰግደው ተኙ። ደክሟቸው ነበር፤ አንፈርድባቸውም።

ብዙዎቻችን «ጊዜ ቢኖረኝ» ስንል ቀደምት ዑለማኦች ጊዜና ጸጥታ ተትረፍርፎላቸው የጻፉ ይመስለናል። ኢማም አል-ገዛሊ (ረሒመሁሏህ) በ488 ዓመተ ሒጅራ የባግዳዱን የኒዛሚያ መድረሳ ወንበራቸውንና ሦስት መቶ ያህል ተማሪዎቻቸውን ትተው ወጡ። ደማስቆ ገብተው በታላቁ መስጂድ ሚናራ ላይ በሩን በራሳቸው ላይ እየዘጉ ይውሉ ነበር። በእነዚያ ዐሥራ አንድ ያህል የኸልዋ ዓመታት «ኢሕያእ»ን አበረከቱልን። ይህን ሁሉ ሰው ያውቀዋል። የማይወራው ግን እርሳቸው ራሳቸው ስለዚያ ዘመን የተናዘዙት ነው። የልጆቻቸው ጥሪ ወደ አገራቸው እንደ መለሳቸው፣ የቤተሰብ ጉዳይና የኑሮ ችግር ኸልዋቸውን እንዳደፈረሰባቸው፣ ያ የሚፈልጉት የጠራ ሁኔታ የሚገኘው አልፎ አልፎ ብቻ እንደ ነበር፣ ሆኖም ተስፋ እንዳልቆረጡ ጽፈዋል። ወንድማችን ሆይ፣ ይህን ያሉት አል-ገዛሊ ናቸው! ልጅ እያለቀሰበት የሚጽፍ ሰው ብቻውን አይደለም ማለት ነው።

ኢብን ኸልዱን ደግሞ ከሹመትና ከፖለቲካ ሽኩቻ ሸሽቶ እ.ኤ.አ. በ1375 በዛሬዋ አልጄሪያ ወደምትገኘው የኢብን ሰላማ ምሽግ ገባ፤ አራት ዓመት ያህልም ተቀመጠ። «ሙቀዲማ»ን በአምስት ወር ጨረሰው። ሐሳቡ እንደ ዝናብ እየወረደበት፣ እንደ ወተት እየተናጠ ቅቤው እንደ ወጣለት ገልጾታል። ሆኖም እርጎ ሳይጠራቀም ምን ይናጣል? ከዚያ በፊት ከሃያ ዓመት በላይ በየቤተ መንግሥቱ ሲሾም፣ ሲሻር፣ ሲታሰርና ሲሰደድ ኖሯል። ኢማም አስ-ሰርኸሲ ዘንድ ስንደርስማ ኸልዋው ራሱ ቅጣት ነው። ገዢውን በመምከራቸው ኡዝጀንድ ላይ ጉድጓድ ውስጥ ታስረው፣ ኪታብ ሳይኖራቸው፣ ከላይ ለተቀመጡ ተማሪዎቻቸው «አል-መብሱጥ»ን በቃላቸው አስጻፉ። ዛሬ በሠላሳ ጥራዝ ይታተማል።

ወደ አገራችን እንምጣ። ወሎ ውስጥ ኸልዋ ማለት ምን እንደ ሆነ የወሎ ልጆች ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። የጀማ ንጉሡ ሸይኽ ሙሐመድ ሻፊ፣ የሾንኬው ሸይኽ ጀውሀር ኢብን ሐይደር፣ ሌሎችም መሻይኾች በመቅራትም በመጻፍም የታወቁ ናቸው። (ስለ መውሊድና ስለ መንዙማ ዑለማኦች ያላቸው ልዩነት ይታወቃል፤ የዛሬው ርእሳችን እርሱ አይደለም።) ሸይኽ ጦልሐ ኢብን ጀዕፈር ከ1870ው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ ሙስሊሙን በግድ ለማጥመቅ ያወጡትን ትእዛዝ ተቃውመው ከተነሡት መካከል ነበሩ፤ እኒሁ ሰው ናቸው በዐጀሚ፣ ማለትም አማርኛን በዐረብኛ ፊደል፣ ግጥም የተዉልን። የተረጋጋ ዘመን አልጠበቁም።

ነገር ግን ሸይኹ ኸልዋ ሲገባ ከደጅ ያለው ማን ነው? እኛን የሚያሳስበን ይህ ነው። ቀለሙን ከጥላሸት የሚበጠብጠው፣ የመቃ ብዕሩን የሚቀርጸው ደረሳ ነው። ደረሳውን ደግሞ የመንደሩ እናቶች ይመግቡታል። የአንድ ኪታብ ጸጥታ የብዙ ሰው ድካም ነው፤ ስማቸው ግን በኪታቡ ጀርባ አልተጻፈም። ከእነዚያ እናቶች መካከል የራሷ ቃል የነበራት፣ ወጥ እያማሰለች በልቧ ግጥም የምታስር ስንት ነበረች? ለእርሷ ማን በር ዘጋላት? በቤታችን ይህን ስናነሣ ባለቤታችን ፈገግ ብላ «ከመግሪብ እስከ ዒሻ ልጆቹን አንተ ያዝ፤ ያን ጊዜ እነግርሃለሁ» አለችን። ይዘናል። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ብርጭቆ ተሰበረ።

የጎረቤቶቻችንንም ነገር ብናይ መልካም ነው። በጎጃም የቅኔ ቤቶች ተማሪው ቅኔ ሊቆጥር ከመምህሩ ደጅ ራቅ ብሎ ወደ ዱር ወደ ሜዳው ይወጣል፤ ብቻውን ያሰላስላል፤ ሲመለስ ለመምህሩ ይነግራል። ብቸኝነቱ በሥርዐት ተፈቅዶለታል፤ ማንም «ሥራ ፈታህ» አይለውም። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በዚሁ በእኛ አካባቢ ተወልደው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የተማሩ ናቸው። ከዚያ ጦርነት፣ በጣሊያን ደሴቶች የዓመታት እስራት፣ ሚኒስትርነትና አምባሳደርነት ተፈራረቁባቸው። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ዕድሜያቸው ኀምሳ ስድስት ገደማ ነበር። በአርባዎቹ ያለን ሰዎች ይህን ስንሰማ ትንሽ እፎይ እንላለን፤ ብዙ እፎይ ማለት ግን አይገባም።

ለመሆኑ ጊዜው የቱ ነው? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ለኡመታቸው በማለዳው በረካ እንዲሆንላቸው ዱዓ አድርገዋል። ሐዲሡን ያስተላለፉት ሶሐቢይ ሶኽር አል-ጋሚዲ ነጋዴ ነበሩ፤ ሸቀጣቸውን በማለዳ ይልኩ እንደ ነበርና እንደ በለጸጉም ተዘግቧል። የባሶ ሰዎችም ማለዳቸውን ለንግድ አውለውታል። እኛ ከሱብሒ በኋላ ፀሐይ እስክትወጣ ያለውን ለደብተሩ ሰጠነው። በደብረ ማርቆስ ብርድ ያ ሰዓት ለጣት አይመችም፤ ጋቢ ተከናንበን አንዳንድ ቀን አራት መስመር፣ አንዳንድ ቀን ምንም ሳንጽፍ እንነሣለን። ሐሳብ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ብዕሩን ካስቀመጥን በኋላ፣ መንገድ ላይ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ወረቀት ኪሳችን ውስጥ እንይዛለን።

ገጹ ሃያ ስምንት ደርሷል። የእኒያ አዛውንት ልጅ፣ አሁን እርሳቸውም አያት ሆነዋል፣ «አባቴ ከሚናገረው ጥቂቱ ጆሮዬ ውስጥ ቀርቷል» ብለውናል። ቅዳሜ ከዐስር በኋላ ቤት ይገኛሉ። በዚያ ሰዓት ሽምግልና የሚጠራን ካለ ከወዲሁ አውፍ ይበለን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱሏህ።