የነጋዴ ምልክትና የባለቤቱ መብት



በመካነ ሰላምና በአካባቢው ደጋ ገበያ የሚውል ሰው የምልክትን ጥቅም ከማንም ሳይማር ያውቀዋል። በግ ከሌላው መንጋ ጋር ቢቀላቀል በጆሮው ምልክት ይለያል። አያቶቻችንም የማሪያ ትሬዛን ብር ሲቀበሉ በንግሥቲቱ ዘውድና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጥቦች ይመረምሩ ነበር፤ ነጥቡ የጠፋበትን ብር ወዲያ ይመልሱታል።

ይኸው ብር ስለ ምልክት ብዙ ያስተምራል። ንግሥቲቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1780 ብትሞትም፣ ያንኑ መልክና ያንኑ ዓመት የያዘ ብር ከቪየና ሌላ በኋላ በሮማ፣ በለንደንና በቦምቤይ ተመታ። ገበያው ምልክቱን አመነ፤ ነገር ግን ለአንድ ባለቤት ብቻ የሚያጸናው አልነበረም።

በአገራችንም የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ገዢን የሚያሳስት ውድድርን ከልክሏል። ይሁን እንጂ የምዝገባው ሥርዓት የተሟላ ስላልነበረ፣ ነጋዴዎች ምልክታቸውን በጋዜጣ እያሳተሙ «ማንም እንዳይጠቀምበት» ሲሉ ያስጠነቅቁ ነበር። ማስጠንቀቂያ ግን የባለቤትነት ማስረጃ አይደለም። ይኸንን ጉድለት የሞላው የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ነው። በአዋጁ መሠረት መብት የሚገኘው የምዝገባ የምስክር ወረቀት በተሰጠ ጊዜ ነው። ባለ መብቱም ሌላ ሰው ተመሳሳይ ምልክት በተመሳሳይ ዕቃ ላይ አድርጎ ገዢን እንዳያደናግር ለመከልከል ይችላል።

አንድ ሰው በመካነ ሰላም ለ20 ዓመት በመልካም ስም ቢነግድ፣ ስሙን ግን ባያስመዘግብ፣ ሌላው አዲስ አበባ ላይ ቀድሞት ቢያስመዘግብስ? የፊተኛው ሰው መከራከሪያ አያጣም፤ ነገር ግን ወረቀት በያዘ ሰው ፊት ባዶ እጁን ይቆማል። እኔ ከባድ የምለው ይኸንን ነው።

ጉዳዩ በመንግሥት ደረጃም ደርሷል። ኢትዮጵያ በ1997 ዓ.ም. ይርጋ ጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚባሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ ለማስመዝገብ ስታመለክት፣ የዚያ አገር የቡና ነጋዴዎች ማኅበር «ስሞቹ የቡና ዓይነት መጠሪያ ናቸው» ሲል ተቃወመ። ክርክሩ ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር በ1999 ዓ.ም. በስምምነት አለቀ፤ ኩባንያውም የኢትዮጵያን ባለቤትነት አወቀ።

ለደጋው ሕዝብ የሚጠቅመው ሌላው አንቀጽ የኅብረት ምልክትን የሚመለከተው ነው። ከበግ ጠጉር ባና የሚሠሩ ሰዎች በማኅበር ቢደራጁ፣ አንድ ምልክት በማኅበሩ ስም አስመዝግበው አባላቱ ሁሉ በደንባቸው መሠረት ሊሠሩበት ይችላሉ። ምዝገባው የሚጸናው ለ7 ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ በየ7 ዓመቱ ይታደሳል። ያለ በቂ ምክንያት 3 ዓመት ሙሉ ሳይሠራበት የቆየ ምልክት ግን በባለ ጉዳይ ጥያቄ ሊሰረዝ ይችላል።